የከፈልነውን ሂሳብ ሳታሳዩን አትሽጡ፦ በሕዝብ ገንዘብ ስለቆሙና ለውጭ ገዢ ስለሚተላለፉ ድርጅቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት

ግልባጭ፦ ለፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎችና የምክር ቤት አባላት፣

እኔ ደመወዝተኛ ግብር ከፋይ ነኝ። ግብሬን ልክፈል አልክፈል ብዬ የምመክርበት ጊዜ የለኝም፤ ደመወዙ እጄ ሳይገባ ተቆርጦ ይቀራል። በየወሩ መጨረሻ ከሂሳብ ክፍል የሚሰጠን ወረቀት ላይ ከጠቅላላ ደመወዝ ቀጥሎ «የሥራ ግብር» የሚል ዓምድ አለ፤ ከእሱ ጎን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፤ መጨረሻ ላይ «የተጣራ ተከፋይ»። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን የደመወዝ ወሰን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማድረጉ ለዝቅተኛ ተከፋዩ እፎይታ ነው። ያም ሆኖ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። የተረፈው ገበያ ሲወጣ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀዋል። ቅሬታዬ ግብር መክፈሉ ላይ አይደለም፤ ሀገር የሚቆመው በግብር ነው። ቅሬታዬ ያ ገንዘብ ፋብሪካ፣ ማሽንና የሸንኮራ ማሳ ሆኖ ከቆየ በኋላ ለውጭ ገዢ ሲተላለፍ ለእኛ ለባለገንዘቦቹ የሚነገረን አንድ ቁጥር ብቻ መሆኑ ላይ ነው። እሱም የሽያጩ ዋጋ ነው።

ድርጅቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት እንደፈጀ አይነገረንም። ዕዳው ስንት እንደሆነና ወደ ማን እንደዞረ አይነገረንም። ገዢው ምን ግዴታ እንደገባ፣ ግዴታውን ባይወጣ ምን እንደሚጠብቀው፣ ነገ ለሌላ ቢሸጠው ሕዝብ ምን መብት እንዳለው አይነገረንም። የምጠይቀው ይህ እንዲለወጥ ነው።

የውጭ ኩባንያ አይግባብን ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን በ163 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ እዚያው አልቆመም፤ ቂሊንጦ ላይ አዲስ ፋብሪካ ገንብቶ በ2007 ዓ.ም. ሥራ አስጀምሯል። የቢራ ገብስ ገበያውም ሰፍቷል። የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ጄቲአይ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ለ40 በመቶ ድርሻ 510 ሚሊዮን፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ለተጨማሪ 31 በመቶ ገደማ 434 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነበር የሚል ሰው አልሰማሁም። የሁለተኛው የቴሌኮም ፈቃድ በ2013 ዓ.ም. ለሳፋሪኮም ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ተፎካካሪው ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ማቅረቡ ጭምር ወዲያው ታውቋል። ማን ስንት እንዳቀረበ በአደባባይ በመታወቁ ገዢው አልሸሸም፣ ሀገርም አልተጎዳችም። ግልጽነት ባለሀብት ያባርራል የሚለው ክርክር ውኃ እንደማያነሳ ከራሳችን ታሪክ የማገኘው ማስረጃ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሜታ አቦ ልሂድ፤ ጉዳዩ በደንብ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

ሰበታ ያለው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት እጅ የቆየ፣ ስም ያለው፣ ገበያ ያለው ድርጅት ነበር። በ2004 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በወቅቱ ለሽያጩ የቀረበው ምክንያት ለሁላችንም የገባን ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ ቴክኖሎጂ ይመጣል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከያዘው ከፈረንሳዩ ካስቴል ጋር የሚፎካከር ብርቱ ኩባንያ ገበያው ውስጥ ይገባል፣ ጠጪውም አምራቹም ከውድድሩ ይጠቀማሉ። ጥሩ ምክንያት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. ግን ዲያጂዮ ፋብሪካውን ሸጦ ወጣ። ገዢው ማን ሆነ? የካስቴሉ ቢጂአይ ኢትዮጵያ፤ ማለትም ሜታ ይፎካከረዋል ተብሎ የነበረው ድርጅት ራሱ።

ሁለቱም ኩባንያዎች የሠሩት የንግድ ሥራ ነው። አንዱ አላዋጣኝም ብሎ ሸጠ፣ ሌላው ያዋጣኛል ብሎ ገዛ። እነሱን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ጥያቄዬ ለሻጩ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. እኛን ወክሎ ለፈረመው ወገን። በዚያ ውል ውስጥ ፋብሪካው ለሦስተኛ ወገን ሲሸጥ መንግሥት አስቀድሞ እንዲያውቅና እንዲፈቅድ የሚያስገድድ አንቀጽ ነበር? የመጀመሪያ ገዢ የመሆን መብትስ ተጠብቆልን ነበር? ፋብሪካውን ለተፎካካሪው መሸጥ የተከለከለ ወይም የተገደበ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ አንቀጹ በ2014 ዓ.ም. ለምን አልሠራም? መልሱ የለም ከሆነ ደግሞ ውድድርን ለማምጣት ተብሎ የተሸጠ ድርጅት ውድድሩን የሚያስጠብቅ አንድ መስመር እንኳ ሳይጻፍለት እንዴት ተሸጠ? ግብር ከፋዩ ውሉን ገልጦ ሊያነብ ቢችል ኖሮ እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

የቢራው ነገር ግን ከስኳሩ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ሜታ ሲሸጥ ቢያንስ ትርፋማ ነበር። ስኳር ላይ ያለው ሂሳብ ሌላ ነው፤ ዋናው ጭንቀቴም እሱ ነው።

ወንጂ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዶቹ ኤች.ቪ.ኤ. ሥራ ሲጀምር የውጭ ኩባንያ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ተወረሰ፤ የሕዝብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫ ለረጅም ዓመታት የሀገሪቱን ስኳር ተሸክመው ኖሩ። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት ስኳርን ዋና የኤክስፖርት ምርት አደርጋለሁ ብሎ ተነሣ። ዓመታዊ ምርቱን 2.25 ሚሊዮን ቶን የማድረስ ዕቅድ ወጣ። ተንዳሆ፣ ከሰም፣ ጣና በለስ፣ አርጆ ደዴሳ፣ ኦሞ ኩራዝ፣ ወልቃይት፤ ስማቸውን በዜና ያልሰማን የለም። ለተንዳሆ ግንባታና ለፊንጫና ለወንጂ ማስፋፊያ ከህንድ ኤግዚም ባንክ 640 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተወሰደ። ለሌሎቹም ከቻይና ተበደርን፣ ከንግድ ባንክ ተበደርን። ከፋብሪካዎቹ በርካቶቹ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥተው ዓመታት ተጓተቱ፤ ውሉ ተነጥቆ ለሌላ ተቋራጭ የተሰጠም አለ። ሸንኮራው ደርሶ ፋብሪካው ያልደረሰበት ቦታ ነበር። አገዳው ማሳ ላይ አርጅቷል።

በገንዘብ የማይተመነውም መረሳት የለበትም። ለተንዳሆ የአፋር አርብቶ አደር የአዋሽን ዳር ግጦሽ ለቅቋል። ለኩራዝ የቦዲ፣ የሙርሲና የክዌጉ ሕዝብ ከብቶቹን የሚያሰማራበትና የኦሞ ወንዝ ሲሞላና ሲሸሽ የሚያርስበት መሬት ተወስዶበታል። እነዚህ ሰዎች የደመወዝ ግብር ከፋይ ዝርዝር ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። የከፈሉት ግን ከእኔ ይበልጣል።

ውጤቱን በየሰፈራችን የሸማቾች ሱቅ ደጃፍ እናውቀዋለን። ስኳር መጣ ሲባል እናቶች የኩፖን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይሰለፋሉ። የቤተሰቡ ድርሻ በኪሎ ተመዝኖ ይሰጣል፣ ደብተሩ ላይ ይፈረማል፣ የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። ሁለት ሚሊዮን ቶን ይመረታል የተባለባት ሀገር እስካሁን ስኳር በውጭ ምንዛሪ ታስገባለች።

ዕዳውስ የት ሄደ? በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። የስኳር፣ የምድር ባቡር፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የሌሎች የልማት ድርጅቶች ዕዳ ከድርጅቶቹ ትከሻ ወርዶ ወደዚህ ኮርፖሬሽን ዞረ። ሐሳቡን እረዳለሁ፤ በዕዳ የታነቀ ድርጅት መተንፈስ አይችልም፣ ያበደረው ንግድ ባንክም መተንፈስ አይችልም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ክቡራን የምክር ቤት አባላት ለእነዚህ ድርጅቶች ባበደረው ገንዘብ ምትክ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የ900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ የሚያስችለውን አዋጅ አጸደቃችሁ። ይህ ቦንድ ከነወለዱ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚከፈል ነው፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት ደግሞ ከእኛ በስተቀር ምንጭ የለውም። 900 ቢሊዮን ብር በሕዝባችን ቁጥር ቢካፈል ለእያንዳንዱ ሰው፣ ትናንት ለተወለደው ሕፃን ጭምር፣ ከ6,000 ብር በላይ ይደርሳል።

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ስምንት የስኳር ፋብሪካዎች፣ አራቱ የኦሞ ኩራዝ፣ አርጆ ደዴሳ፣ ከሰም፣ ጣና በለስና ተንዳሆ፣ ለአገር ውስጥና ለውጭ ባለሀብቶች ለሽያጭ መቅረባቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ይፋ ሆኗል። ዛሬም ይሁን ነገ አንዱ ሲሸጥ ገዢው የሚረከበው ዕዳው የተነሳለትን ፋብሪካ ነው። ሕንፃው፣ ተርባይኑ፣ የመስኖ ቦዩ፣ ግድቡና ማሳው ለገዢው ይሄዳሉ፤ የተገነቡበት ብድር እኛ ጋ ይቀራል። በሬውን ለገበያ ያወጣ ገበሬ እንኳ የገዛበትንና ያበላበትን አስልቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። የገዢው ዋጋ ከወጣበት ገንዘብ ቢያንስ፣ ልዩነቱ ከእኛ ኪስ ለዚያ ኩባንያ የተሰጠ ድጋፍ ማለት ነው። ድጋፍ መስጠት ሁልጊዜ ስሕተት ነው አልልም። ፋብሪካው ቆሞ ከሚዝግ በኪሳራም ቢሆን ተሸጦ ቢያመርት፣ ለአካባቢው ወጣት ሥራ ቢከፍትና የስኳር ሰልፉን ቢያሳጥር ይሻላል። ነገር ግን ድጋፍ ከሆነ ድጋፍ ተብሎ፣ መጠኑ ተጽፎ፣ በምላሹ የምናገኘው ተቆጥሮ ይቅረብልን። «በይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ» ብሎ የምሥራች መንገር ብቻውን ሂሳብ አይደለም።

የብሩ ነገርም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በወራት ውስጥ 125 ብር ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በብር የተገነባን ንብረት በዶላር ለሚገዛ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የ10 በመቶ ድርሻውን ለዜጎች ሲያቀርብ 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ነበር። በዚህ ስሌት ድርጅቱ በጠቅላላ 300 ቢሊዮን ብር ይመዝናል ማለት ነው። በ57 ብር ምንዛሪ ይህ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ በ125 ብር ምንዛሪ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በታች ይሆናል። ማማው ያው ማማ፣ ደንበኛው ያው ደንበኛ ነው። በውጭ ገዢ ዓይን ግን ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዷል። ቴሌ ለጊዜው ለውጭ ገዢ አልቀረበም፤ ከዚህ ቀደም ግን እስከ 45 በመቶው ለውጭ ባለሀብት እንዲሸጥ ታቅዶ ነበር። ሌሎች ድርጅቶች ተራቸውን እየጠበቁ ባሉበት ጊዜ የሀብት ግምቱ መቼ እንደተሠራ፣ በየትኛው ምንዛሪ እንደተሠራና ማን እንደሠራው ካልታወቀ ዋጋው ተገቢ ነው አይደለም ብሎ መከራከር አይቻልም።

የቴሌውን ሽያጭ ካነሳሁ አይቀር፣ ያን ጊዜ 47,377 ሰው አክሲዮን ገዝቶ የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ከቀረበው 30 ቢሊዮን 10 በመቶውን ጥቂት አለፍ ያለ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ብዙ ደመወዝተኛ ይህን በአንድ ጊዜ የሚያወጣበት አቅም የለውም። ይህን የማነሣው አንዳንድ ኃላፊዎች «ዜጋው አቅም ስለሌለው ለውጭ ከመሸጥ ሌላ አማራጭ የለም» ሲሉ ስለምሰማ ነው። የዜጋው አቅም እኮ በየወሩ ደመወዝ ወረቀቱ ላይ ተቆርጦ የሄደው ነው። የገነባው እሱ ነው።

ሌሎች ሀገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ብናይ አይጎዳንም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የምርምርና የልማት ማበረታቻ ሕግ አለ። መንግሥት ለአንድ ኩባንያ የምርምር ድጋፍ ከሰጠ፣ በዚያ ገንዘብ የተገኘው ዕውቀት ከሀገር እንዲወጣ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ክፍያም አለው። ክፍያው እንደ ሁኔታው ከተሰጠው ድጋፍ እስከ ስድስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህ ሕግ የውጭ ኩባንያዎች የእስራኤልን የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ከመግዛት አላገዳቸውም፤ በየዓመቱ ይገዛሉ። ልዩነቱ ገዢው ወደ ድርድር ሲገባ ከግብር ከፋዩ ጋር ያለበትን ሂሳብ አውቆ መግባቱ ነው።

አሜሪካም ይህን በችግር ተምራዋለች። ኤ123 ሲስተምስ የተባለው የመኪና ባትሪ አምራች እ.ኤ.አ. በ2009 ከፌዴራል መንግሥት 249 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ተፈቀደለት። ገንዘቡ ተወስዶ ሳያልቅ በ2012 ኪሳራ አወጀ፣ የቻይናው ዋንሺያንግ በ256.6 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ገዛው። በግብር ከፋይ ገንዘብ የቆመ ፋብሪካ እንዴት ለባዕድ ይሸጣል የሚል ከባድ ክርክር በኮንግረስ ተነሣ። በመጨረሻ የብሔራዊ ደኅንነት ገምጋሚው ኮሚቴ ሽያጩን አጸደቀ፤ ከመከላከያ ጋር የተያያዘው ክፍል ግን ተነጥሎ ለአንድ አሜሪካዊ ድርጅት ተሸጠ። ሽያጩ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያከራከራቸው ግን ቁጥሩን ሁሉም ስለሚያውቀው ነው፤ እኛ እዚያ ደረጃ ላይ እንኳ አልደረስንም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ አዲስ ሕግ ሳይወጣም የሚሠራበት መሠረት አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን ወደ ግል ስለማዛወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1206/2012 ራሱ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ዓላማ አድርጎ የወጣ ነው። የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብቱን አረጋግጧል። ከዚህም አልፎ ኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕድንና የነዳጅ ዘርፍ ግልጽነትን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ኢኒሼቲቭ አባል ናት። የዚህ ኢኒሼቲቭ መስፈርት እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ የተሰጡ ወይም የተሻሻሉ የማዕድን ውሎች ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ያዛል። ለወርቅ የሠራ ግልጽነት ለስኳርና ለሲሚንቶ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

የወርቁ ነገር ራሱ ትምህርት አለው። ለገደንቢ በሕዝብ ገንዘብ ተፈልጎና ለምቶ በ1989 ዓ.ም. በ172 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሚድሮክ ተላለፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ በጤናችንና በአካባቢያችን ላይ ጉዳት ደረሰ ብሎ አደባባይ ወጣ፣ የማዕድን ፈቃዱም ታገደ። ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ፣ ኩባንያው ለአካባቢው ምን ግዴታ እንደገባ ክርክሩ የደራው ነገሩ ከተቃጠለ በኋላ ነበር። ሕዝቡ ውሉን ከመጀመሪያው ቢያውቀው ኖሮ ብዙ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር።

ስለ ሠራተኞቹም አንድ ነገር ልበል፤ በደብዳቤዬ ብዙ ቦታ ባልሰጣቸውም በሽያጭ ሁሉ መጀመሪያ የሚነኩት እነሱ ናቸውና። የሰፈሬ ሰው የሆኑ አንድ ጋሼ ለረጅም ዘመን በአንድ የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት ሠርተዋል። ፋብሪካው መሸጡን የሰሙት በሬዲዮ ነው። በማግሥቱ ሥራ ሲገቡ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማኅተም ያለበት አጭር ወረቀት ተለጥፎ አገኙ፤ መብታችሁ ተጠብቆ ትቀጥላላችሁ ይላል። የትኛው መብት፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው የውሉ አንቀጽ? የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ውሉን ጠይቀው «የንግድ ሚስጥር ነው» ተባሉ። ጋሼ ከሁለት ዓመት በኋላ የሥራ ስንብት ክፍያቸውን ተቀብለው ወጡ። የተከፈላቸው ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አያውቁም፤ የሚያመሳክሩበት ወረቀት የለማ!

«የንግድ ሚስጥር» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ በቁም ነገር ማየት አለብን። የገዢው የምርት ቀመር፣ የገበያ ስልት፣ የደንበኞች ዝርዝር ሚስጥር ነው፤ ይጠበቅለት። ገዢው ለሕዝብ የገባው ግዴታ ግን የሕዝብ ነው። ስንት ሠራተኛ ይዞ እንደሚቀጥል፣ በስንት ዓመት ስንት ኢንቨስት እንደሚያደርግ፣ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ወይስ በየጊዜው እንደሚከፍል፣ ቃሉን ባያከብር ቅጣቱ ምን እንደሆነ፣ እነዚህ ከገዢው ጓዳ የወጡ ሚስጥሮች አይደሉም። ለእኛ የተገቡ ቃሎች ናቸው፤ ቃል የተገባለት ሰው ደግሞ ቃሉን የማወቅ መብት አለው።

ሌላው የሚነሳው ክርክር የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ነው። ችግሩን አልክድም፤ መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ የዞረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የሚገባ ዶላር አንድ ጊዜ ነው። የተሸጠው ድርጅት ትርፍ በየዓመቱ በዶላር ተመንዝሮ ይወጣል፤ ይህ የባለሀብቱ ሕጋዊ መብት ነው። ስለዚህ የሽያጩ ዜና ሲነገር ከሚገባው ዶላር ጎን በሚቀጥሉት ዓመታት በትርፍ መልክ ይወጣል ተብሎ የሚገመተውም አብሮ ይነገር። ምክር ቤቱ ይህን ሳያይ መፍቀድ የለበትም።

የልማት ባንክ ብድርንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሕዝብ ለውጭ ባለሀብት የሚሰጠው ድጋፍ በሽያጭ ብቻ አይደለም። ዓለም ገና ላይ የነበረው የቱርኩ አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅ ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ ብዙ ተበድሮ መክፈል አቅቶት ባንኩ ፋብሪካውን ተረከበ። የልማት ባንክ ካፒታል ሲጎድል የሚሞላው መንግሥት ነው፤ ይህም ያው የእኛ ገንዘብ ነው። ባንኩ እንዲህ የተረከባቸውን ፋብሪካዎች መልሶ ሲሸጥም በየትኛውም ዋጋ ለማንም ከመሸጡ በፊት ሂሳቡ ለሕዝብ መቅረብ አለበት።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን በግልጽ ልጻፍ።

ገንዘብ ሚኒስቴርና ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ማንኛውም የመንግሥት ድርጅት ወይም ድርሻው ለውጭ ገዢ ከመተላለፉ ቢያንስ ሦስት ወር በፊት አንድ ሰነድ አውጡልን። በሰነዱ ላይ ሕዝብ በካፒታል፣ በብድር ዋስትና፣ በዕዳ ስረዛና በቀረጥ ነፃ መብት ያወጣው ገንዘብ በዓመት በዓመቱ ይጻፍ፤ ወደ ዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የዞረው ዕዳም ተለይቶ ይታይ። የሀብት ግምቱን የሠራው ድርጅት ስምና የተጠቀመበት ምንዛሪ ይገለጽ። ቋንቋው ሰው የሚረዳው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛና አፋርኛ ይሁን፤ የአማካሪ ድርጅት እንግሊዝኛ ብቻ አይሁን።

ሽያጩ ሲፈረም ደግሞ እውነተኛ የንግድ ሚስጥር የሆነው ብቻ ተሸፍኖ ውሉ ይታተም። በእያንዳንዱ ውል ውስጥ ቢያንስ ለአሥር ዓመት የሚጸና የዳግም ሽያጭ አንቀጽ ይግባ፤ ገዢው ለሌላ ቢሸጥ መንግሥት አስቀድሞ ይወቅ፣ ለተፎካካሪ የሚሸጥ ከሆነ ይፍቀድ ወይም ይከልክል፣ ከገዛበት ዋጋ በላይ ቢሸጥ ከትርፉ የተወሰነው ለሕዝብ ይመለስ። ዕዳው ተሰርዞለት የተሸጠ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ገዢው የገባውን የኢንቨስትመንትና የሥራ ግዴታ ባይፈጽም የተሰረዘው ዕዳ በከፊል ተመልሶ የሚጠየቅበት አንቀጽ ይኑር። መሬታቸውን ለለቀቁት አርብቶ አደሮችና አርሶ አደሮች ከሽያጩ ገቢ ወይም ከድርጅቱ አክሲዮን ድርሻ ይታሰብላቸው፤ ድርሻው በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ እንጂ በተስፋ ቃል አይለፍ።

ክቡራን የምክር ቤት አባላት፣ ከእናንተ የምጠይቀው የ900 ቢሊዮኑን ቦንድ ስታጸድቁ የያዛችሁትን ኃላፊነት እስከ መጨረሻው እንድትይዙት ነው። ዕዳው ወደ እኛ የዞረላቸው ድርጅቶች ሲሸጡ ጉዳዩ በቋሚ ኮሚቴ ፊት ይቅረብ፣ ስብሰባው ለጋዜጠኛ ክፍት ይሁን፣ የዋና ኦዲተር አስተያየትም ይሰማ። እስካሁን የተሸጡትን በተመለከተ ዋና ኦዲተር ለመነሻ ሦስት ድርጅቶችን መርጦ፣ አንድ ቢራ፣ አንድ ማዕድን፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ፣ ገዢዎቹ የገቡትን ግዴታ ፈጽመዋል ወይስ አልፈጸሙም የሚለውን የክዋኔ ኦዲት ሠርቶ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ እዘዙልን።

በአንድ ጊዜ ሁሉም ይፈጸማል ብዬ አልጠብቅም። የመጀመሪያውን ሰነድ ግን ከሚቀጥለው ሽያጭ በፊት እጠብቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በመሥሪያ ቤቶቻችሁ መዝገብ ቤት ገቢ እንዲሆንና በመረጃ ነፃነት አዋጁ መሠረት በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አንድ ደመወዝተኛ ግብር ከፋይ
አዲስ አበባ